አብረውት የደነሱት ይመስክሩ

ጥቅምት 4 ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎት። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኔ ፈጣሪ ይመስገን በጣም ደህና ነኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ብቅ ማለቴ እንደሚያስገርምዎት አላጣሁትም። የአባቴ የአጎት ልጅ ስለሆኑ ሰው ቢቆጥረው የሩቅ ዘመዶች ነን። ነገር ግን ዳንስ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎትና ከሥጋ አክስቶቼ ይልቅ አዘውትሬ የማስበው እርስዎን ነው።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። እዚህ በአንድ የዳንስ ትምህርት ቤት ሥራ ከያዝኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። እስካሁን ሥራዬ አዳራሹን ማሰናዳት ነበር። ወለሉን እወለውላለሁ፣ መስታወቱን አጸዳለሁ፣ የድምፅ ማጉያውን እከፍታለሁ። ባለፈው ወር የጀማሪዎች አስተማሪ በድንገት ለቀቀ። ዳይሬክተሯ አንድ ቀን ለተማሪ እርምጃ ሳሳይ አይታኝ ኖሮ፣ «እስቲ ለጊዜው አንተ ያዛቸው» አለችኝ። ይዣቸዋለሁ። በቋሚነት ለመቀጠር ግን ያስተማረኝ ሰው የጻፈው ደብዳቤ ያስፈልጋል ተባለ።

የምለምንዎት ሦስት መስመር ነው። አምስት ዓመት እርስዎ ዘንድ መማሬን፣ ጠባዬ መልካም መሆኑን፣ ለማስተማር ብቁ መሆኔን የሚገልጽ፤ ከታች ፊርማና ማኅተም። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ይህ ቦታ ካመለጠኝ ከመወልወያው ጋር እስከ ጡረታ መኖሬ ነው። እስከ ኅዳር መጨረሻ ቢደርስልኝ ውለታዎን አልረሳም።

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

እንደ ልጅዎ የሚያዩኝ

*

ጥቅምት 29 ቀን

ለዘመዴ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። በሄድክበት የሚያበላህን አያሳጣህ። ደብዳቤህ ደርሶኛል። ጉልበቴ ደህና ነው። ያመመኝ አንተ ከመሄድህ በፊት ነበር፤ የሰባት ዓመት ወሬ ይዘህ ነው የመጣኸው።

አምስት ዓመት ተምሬአለሁ ብለሃል። መዝገቤ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ይላል። ከዚያም ውስጥ ዘግይተህ በር ላይ ቆመህ ያሳለፍከውን ብንቀንስ ሦስት ዓመቱንም መድፈንህን እጠራጠራለሁ።

ያስገረመኝ ግን ይህ አይደለም። ፊርማና ማኅተም ብለሃል። እኔ ቤት ይህን ያህል ጊዜ ገብቶ ወጥቶ፣ እኔ ለማንም ፈርሜ እንደማላውቅ የማያውቅ ተማሪ አንተን አየሁ። ስትማር ዓይንህ ሁልጊዜ መስታወቱ ላይ ስለነበር ይሆናል። ስለዚህ እንደ አዲስ ገቢ ልንገርህ። ዓመቱ ሲያልቅ ተማሪው መሃል ወለሉ ላይ ይቆማል። አብረውት የደነሱት ሁሉ ተራ በተራ አንድ ጥያቄ ይጠየቃሉ፤ «ከዚህ ሰው ጋር ደግመህ ትደንሳለህ ወይ?» አዎ ካሉ አለፈ፤ ወረቀቱ ላይም የሚሰፍረው የእነሱ ስም ነው። የኔ ስም ምን ይሠራል? እኔ የማየው ከሩቅ ነው። ሰውዬው ሲይዝ ድንጋይ ይሁን ሰው፣ ሲያጠፋ በማን እንደሚያሳብብ፣ የሚያውቀው እጁ ውስጥ የገባ ነው።

አንተ በመጨረሻው ዓመት መሃል ወለሉ ላይ አልቆምክም። ለምን እንዳልቆምክ አንተ አልጻፍክም፤ እኔም ለጊዜው አልጽፍም።

አስተማሪ ሆኛለሁ ካልክ ግን አንድ ነገር ላክልኝ። ለተማሪዎችህ በመጀመሪያው ቀን ስለ ሥርዓት የምትነግራቸውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ጻፈው። አይቼው አስባለሁ።

ቸር ያሰማን።

የአባትህ የአጎት ልጅ

*

ኅዳር 11 ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፣

እንደምን ሰንብተዋል? በደብዳቤዎ እጅግ ደስ ብሎኛል፤ ቀልድዎ እንዳለ ነው። ፈጣሪ ይጠብቅልኝ።

የጠየቁኝን በደስታ እልካለሁ። እኔ እንኳ ሥርዓት ከእርስዎ ቤት ይዤ ስለመጣሁ ተማሪዎቼን የማስገባቸው በዚያው መንገድ ነው። አሥራ ሁለት ደንብ ጽፌ በሩ ላይ ለጥፌአለሁ። በሰዓት መምጣት፤ የመንገድ ጫማ ደጅ ማውለቅ፤ ታጥቦ መምጣት፤ ስልክ መዝጋት፤ ማስቲካ አለማኘክ፤ አስተማሪ ሲናገር አለመናገር፤ አስተማሪን አለማረም፤ መስታወት አለመደገፍ፤ የሌላውን ቦታ አለመያዝ፤ ተጣማሪን አለማስተማር፤ ጥያቄ ካለ እስከ መጨረሻው መጠበቅ፤ ሲያልቅ ማመስገን። አጭርና ግልጽ ነው።

ሰዎቹን ቢያዩአቸው ግን ይህ ሁሉ ለምን እንዳስፈለገ ይገባዎታል። አንድ የአውቶቡስ ሹፌር አለ፤ የራሱን ግራና ቀኝ ሳይለይ አብራው የምትደንሰውን ያርማል። «አውቶቡስህን ስትነዳ ተሳፋሪ ተነሥቶ መሪ ቢይዝብህ ምን ትላለህ?» አልኩት። እስከ ክፍሉ ማለቂያ ማንንም አላረመም። አንድ የባንክ ሠራተኛ አለ፤ ሽቶ የሚቀባ ሳይሆን በሽቶ የሚታጠብ፤ እሱ በገባ በአምስት ደቂቃ መስኮት እከፍታለሁ። ስልኳን መስታወቱ ሥር አቁማ ራሷን የምትቀርጽም አለች፤ ቤቷ ስትገባ ስንት ጊዜ እንዳጠፋች አይታ የምትማር ቢሆን ባልከፋኝ፤ ለሰው ልታሳይ ነው። ከሁሉም የምትብሰው አንዲት ነርስ ናት። ሁልጊዜ ትዘገያለች። ባለፈው ሳምንት ከነሥራ ጫማዋ እያለከለከች ገባች። እንደ እርስዎ ሥርዓት በር ላይ አቆምኳት፤ አርባ ደቂቃ ሙሉ። ከዚያ ሰው ሁሉ እየሰማ «ዛሬ ስንት ሰው አዳንሽ?» አልኳት። ሁሉም ሳቁ። በሚቀጥለው ቀን አምስት ደቂቃ ቀድማ መጣች። ሥርዓት ማለት ይህ ነው።

ዳይሬክተሯ ትናንት ደግማ ጠይቃኛለች። ደብዳቤዎን በጉጉት እጠብቃለሁ።

ሁልጊዜም የሚያከብርዎ

*

ታኅሣሥ 8 ቀን

ለዘመዴ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። ልቦና ይስጥህ፤ ይህን የምለው ለደብዳቤ ማሳመሪያ አይደለም።

መልሴ የዘገየው አሥራ ሁለቱን ደንብ ደጋግሜ ሳነብ ነው። አዳዲሶቹ ተማሪዎቼም እንዲሰሙት አነበብኩላቸው። አንዲቱ «ይሄ የዳንስ ነው ወይስ የእስር ቤት?» አለችኝ።

እኔ የዘገየን ሰው በር ላይ የማቆመው የተጀመረው ዘፈን እስኪያልቅ ነው። የሚደንሱት መሃል ገብቶ ሰው እንዳይጋጭ ብዬ፤ ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም። ዘፈኑ ሲያልቅ ራሴ ሄጄ እጁን ይዤ አስገባዋለሁ። አንተ ስትዘገይ እጅህን ይዤ አስገብቼሃለሁ፤ ብዙ ጊዜ። ያንን ረስተህ በሩን ብቻ ይዘህ ሄድክ። ሴትዮዋን ሰው ስታስታምም ውላ መጥታ አርባ ደቂቃ አቆምካት። ዘበኛ እንኳ መታወቂያ አይቶ ያሳልፋል።

«ሁሉም ሳቁ» ብለህ ጽፈሃል። ጽሑፍህ ውስጥ ደስታ ያየሁት እዚያች ላይ ብቻ ነው። ሰው ሲስቅልህ የሚይዝህ ነገር እስካሁን አልለቀቀህም ማለት ነው።

በአሥራ ሁለቱ ደንብ ውስጥ አንድ ጎድሏል። እኔ ቤት በመጀመሪያው ቀን ከሁሉ በፊት የሚነገረው እሱ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ብትረሳ ይህን እንዳትረሳ ብዬ ሦስት ጊዜ ነው የምናገረው። ሙዚቃው ሳያልቅ ተጣማሪህን ትተህ አትሄድም። ብትሳሳትም፣ ብትሳሳትብህም፣ ቢደክምህም፣ ብታፍርም። ይህን መጻፍ የረሳህ እንዳይመስለኝ። እጅህ እምቢ ብሎህ ነው።

እንግዲህ እኔ ልጻፈው። የዓመቱ ማሳያ ቀን ነበር። አዳራሹ ሞልቷል። ተጣማሪህ ልብስ ሰፊዋ ነበረች፤ በሃያ ዓመት ትበልጥሃለች፣ ትከሻዋ ሰፊ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ስፌት ላይ ተቀምጣ ስለምትውል ስትነሣ ወገቧ ቶሎ አይፈታም። ጓደኞችህ ፊት ረድፍ ላይ ነበሩ። አንዱ «ቁም ሳጥን እየገፋህ ነው እንዴ?» አለ። የሰማሁት እኔ ከኋላ ሆኜ ነው፤ እሷ በአንድ ክንድ ርቀት ነበረች። ሳቁ። አንተም ሳቅክ። ከዚያ እጇን ለቀቅክና ሄደህ መሃላቸው ተቀመጥክ።

ሙዚቃው ሁለት ደቂቃ ይቀረው ነበር። ልብስ ሰፊዋ ክንዶቿን አንተን እንደያዘች ዘርግታ ሁለቱንም ደቂቃ ደነሰች። እጅ ነሥታ ወጣች። ሰኞ ዕለት በሰዓቷ መጥታ «ዛሬ ከማን ጋር ነኝ?» ብላ ጠየቀችኝ። አንተ አልተመለስክም። ከወር በኋላ አገር ለቆ ሄደ ሲሉ ሰማሁ። ያኔ ሃያ ስምንት ዓመትህ ነበር፤ ልጅነት ነው እንዳትለኝ።

ደብዳቤ ትፈልጋለህ። መጀመሪያ አንተ ጻፍ። ለእኔ ሳይሆን ለእሷ። ከዚያ፣ በሌለህበትም ቢሆን፣ መሃል ወለሉ ላይ አቆምሃለሁ፤ እሷን እጠይቃታለሁ። አዎ ካለች ወረቀቱ በስሟ ይላክልሃል።

ደህና ሁን።

የአባትህ የአጎት ልጅ

*

ታኅሣሥ 21 ቀን

ለአክስቴ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ሦስት መስመር ለምኜ ክስ ነው የተላከልኝ። ያ ነገር ቀልድ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ አንዲት ልብስ ሰፊ ምን እንደተሰማት ሲያሰላስል የሚኖር ሰው ቢኖር እርስዎ ነዎት፤ እሷ ራሷ መርሳቷን አልጠራጠርም። ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ ሁልጊዜ ግማሽ ምት ወደ ኋላ ትቀር ነበር። ይህንን የሚናገር ሰው እዚያ ቤት አልነበረም፤ ሁሉም እርስዎን ፈርቶ ዝም ይላል።

ቅር አይበልዎትና፣ ጣሪያው በሚያንጠባጥብ፣ መስታወቱ ከመሃል በተሰነጠቀ አዳራሽ ሠላሳ ሰው ሰብስበው የሚፈርዱት ፍርድ እዚህ ማንም የማያውቀው ነገር ነው። እዚህ ሰው የሚመዘነው በሥራው ነው። ወለሉ እንኳ ከሥሩ ላስቲክ አለው።

ስለ ደብዳቤው አይቸገሩ። ጉዳዩ በሌላ መንገድ አልቋል። ዳይሬክተሯም ተደስታለች። ከጥር ጀምሮ ቋሚ ነኝ።

በጤና ይቆዩ።

የአጎትዎ የልጅ ልጅ

*

ጥር 27 ቀን

ለዘመዴ፣

ሰላምታ ይድረስህ፤ ሹመትህንም ያጽናልህ እንዳልል የሚጸና አልመሰለኝም።

ባለፈው ማክሰኞ ከዳይሬክተርህ ደብዳቤ መጣልኝ። በእነሱ ቋንቋ ስለሆነ የመድኃኒት ቤቱን ባለሙያ እንዲያነብልኝ ለመንኩት። መድኃኒት ጠያቂዎቹን ትቶ ቆሞ አነበበልኝ። «ስለ ላኩልኝ መልካም ደብዳቤ አመሰግናለሁ» ትላለች። ቀና ብሎ «ምን ብለው ጽፈውላት ነው?» አለኝ። «እኔም ልሰማ ነው፤ ቀጥል» አልኩት።

ጨዋ ሴት ናት፤ ላክሽልኝ ያለችውን ደብዳቤ ቅጂ አብራ አድርጋለች። አማርኛውንም ትርጉሙንም አገኘሁት። ሁለቱም ያንተ ናቸው። አርአያነት ያለው ጠባይ። ለሴት ተጣማሪዎቹ ያለው ወደር የሌለው አክብሮት። ከእጄ ከወጡት ተማሪዎች ሁሉ የላቀ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሳስተምር ለተማሪ የተናገርኩት ትልቁ ምስጋና «ዛሬ ደህና ነህ» ነው፤ የሚያውቀኝ ሰው መጀመሪያው መስመር ላይ ይስቃል። ማኅተምም አለው። ትምህርት ቤቴ ማኅተም ኖሮት አያውቅም። አንተ ግን ሠርተህለታል፤ ያውም ዙሪያውን አበባ ያለበት። አድራሻዬን ከላይ አንድ ፊደል ሳታጎድል ጽፈሃል። ውሸቱን ሁሉ እንዲህ አሳምረህ፣ ሰው እዚያ አድራሻ ምስጋና ሊልክ ይችላል ብለህ አላሰብክም። የሚያመሰግን ሰው ትዝ ያላለህ መሆኑ ነው።

መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ጠይቃኛለች። ቃሉን እንዳለ ላስቀምጠው፤ «የእኔ ጀማሪዎች አብዛኛዎቹ አፋር ሰዎች ናቸው፤ ደፍረው የመጡት በስንት ዓመታቸው ነው። ያለ ሥጋት ልተውለት እችላለሁ?»

ይህን የምመልሰው እኔ አይደለሁም። በየካቲት ሦስተኛ ቅዳሜ ልብስ ሰፊዋ ዘንድ እሄዳለሁ። ዛሬውኑ ልሄድ እችል ነበር። እስከዚያ ያልኩት ደብዳቤ ደርሶህ መልስ እንድትልክ ነው፤ ከጀርባህ ሄደች እንዳትለኝ።

ደህና ሁን።

የአባትህ የአጎት ልጅ

*

የካቲት 7 ቀን

ለተከበሩና ለምወድዎ አክስቴ፣

እጅ ነሥቼ ሰላም እላለሁ። ፈጣሪ በቁጣዎ ፈንታ ትዕግሥት ይስጥዎት።

ጥፋቴን አልክድም። ጊዜው ጠበበኝ። እርስዎ ሲዘገዩ፣ ዳይሬክተሯ በየሳምንቱ ስትጠይቀኝ፣ ምን ላድርግ? ደግሞ ማንንም አልጎዳሁም። ዳንሱን እችላለሁ፤ ይህን እርስዎም ያውቃሉ። አትችልም ብለው አንድም ደብዳቤ ላይ አልጻፉም፤ አይቼዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት። ይዋሹ አልልም። ዝም ይበሉ። ሰው ደብዳቤ ሳይመልስ ይቀራል፤ መንገድ ላይ ይጠፋል፤ ዕድሜም አለ። ዝም ማለት ውሸት አይደለም። ይህ ቦታ ከሄደብኝ ወደ መወልወያው የምመለሰው ያስተማርኳቸው ሰዎች ፊት ነው። ሹፌሩ ጫማውን ደጅ እያወለቀ እኔ ባልዲ ይዤ ሳልፍ ያየኛል። ያን ያስቡልኝ።

ለልብስ ሰፊዋም አንድ ገጽ ጽፌ አብሬ አድርጌአለሁ። እንዳሉኝ ማድረጌን ይወቁልኝ።

እግርዎ ሥር ሆኜ

*

የካቲት 24 ቀን

ለዘመዴ፣

ሰላም ይብዛልህ። ለሚመጣው ነገር ትከሻ ይስጥህ።

ቅዳሜ ሄድኩ። ልብስ ሰፊዋ የሙሽራ ቀሚስ እጇ ላይ ነበር፤ ለሰኞ የተቀጠረ። ክፍሏ ውስጥ መቀመጫ ላይ ሁሉ ጨርቅ ስላለ ቆሜ ነው የነገርኳት። ያንተን ገጽ ሰጠኋት። መነጽሯን አድርጋ እስከ መጨረሻው አነበበች፤ አጥፋ መቀሱ ሥር አስቀመጠችው።

«ሦስት ጊዜ ይቅርታ ይላል» አለች። «ሁለቱ ግን ለኔ አይደሉም፤ እዚያ ላለችው ሴትዮ፣ ለአለቃው ነው።»

«አንዱስ?»

«አንዱ ይሁን፣ ደህና ነው። በብዙ ነገር ተጠቅልሎ ነው የመጣው እንጂ።»

ግማሽ ምት ወደ ኋላ ትቀሪ ነበር ብሎ መጻፍህንም ነገርኳት። መንገር አልነበረብኝም፤ ግን ሁሉንም ሰምታ እንድትመልስ ፈለግኩ። ሳቀች። «እውነቱን ነው» አለች። «እኔ እኮ ወደ ኋላ የምቀረው እሱ ስለሚቸኩል ነበር። አንዳችን ምቱ ላይ መሆን ነበረብን።»

ከዚያ እንደ ሥርዓቱ ጠየቅኳት። ከዚህ ሰው ጋር ደግመሽ ትደንሻለሽ ወይ?

የስፌት መኪናውን አቆመች። «አልደንስም» አለች። «ምን በወጣኝ።» መጻፍ ስጀምር እጄን ያዘችኝ። «ቆይ መምህር፤ ይቺን ብቻ ካሉ እኔም እንደሱ መሆኔ ነው። እስከተወኝ ሰዓት ድረስ አንድ ቀን እግሬን አልረገጠኝም። ሲይዝ ጥሩ አድርጎ ነው የሚይዘው። እሱንም ይጻፉላቸው። ሴትዮዋ ያልሆነውን እንዳታስብ።»

የሄደው ይኸው ነው፤ ሁለቱም ቃሏ፣ ከሥሩ በራሷ እጅ የተጻፈ ስሟ። የመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ ተረጎመው። እኔ የጨመርኩት ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤ የእኔ አለመሆኑን፤ እኔ ቤት ለሰው የሚመሰክሩት አብረውት የደነሱት መሆናቸውን። ከዚህ የዘለለ አንድ ቃል አልጻፍኩም። ዝም ይበሉ ብለኸኛል። ስለ ሰው ጀማሪዎች የተጠየቀ ሰው ዝም አይልም።

የዳንሱን ነገር እውነትህን ነው። አትችልም ብዬ አልጻፍኩም። ትችላለህ። ለዚህ ነው የሚያናድደው።

ደህና ሁን።

የአባትህ የአጎት ልጅ

*

ሚያዝያ 2 ቀን

ለአክስቴ፣

ሰላም ለእርስዎና እዚያ ላሉት ሁሉ። ጣሪያውም ክረምቱን ይቻለው።

ዳይሬክተሯ የጠራችኝ በመጋቢት አጋማሽ ነው። ሁለቱ ደብዳቤዎች ጠረጴዛዋ ላይ ጎን ለጎን ነበሩ። ትጮኻለች ብዬ ነበር። «ማኅተሙን የት አሠራኸው?» አለችኝ። ነገርኳት። «ጥሩ ሥራ ነው» አለችና የልብስ ሰፊዋን ደብዳቤ ድምፅ አውጥታ አነበበችልኝ። ከዚያ ሁለት ነገር አስቀመጠችልኝ። ወይ ዛሬውኑ ጠቅልዬ መሄድ፤ ወይ ወደ ቀድሞ ሥራዬ ተመልሼ፣ በጀማሪዎቹ ክፍል ተማሪ ሆኜ መግባት። የእርስዎን ሥርዓት ወዳዋለች። ከዚህ ዓመት ጀምሮ እዚህም እንዲሆን አድርጋለች። ዓመቱ ሲያልቅ መሃል ወለሉ ላይ እቆማለሁ፤ ሹፌሩ፣ የባንኩ ሰውዬ፣ ባለ ስልኳና ነርሷ ይጠየቃሉ። አዎ ካሉ ያኔ ስለ ማስተማር እናወራለን አለች። በሌላ አገር አንድ አዳራሽ ውስጥ ያመለጥኩት ነገር ባሕር ተሻግሮ ጠበቀኝ። ሊደሰቱ ይችላሉ።

መሄድ አሰብኩ። ሁለት ቀን ሙሉ አሰብኩ። ከዚያ ቀረሁ። ለምን እንደቀረሁ አይጠይቁኝ፤ ከዚህ ሌላ የምችለው ነገር የለኝም።

በእኔ ፈንታ የመጣው አስተማሪ ምት መቁጠር የማይችል ወጣት ነው። አሥራ ሁለቱን ደንብ ከበሩ ላይ ያነሣው በመጀመሪያው ቀን ነው፤ ወረቀቱን የጣልኩት እኔ ነኝ፣ ቆሻሻውን የማወጣው እኔ ስለሆንኩ። ሰኞ ወለሉን ወልውዬ፣ ባልዲውን አስገብቼ፣ ጫማዬን ለውጬ ኋላ ረድፍ ቆምኩ። ሹፌሩ አየኝና አንድ እርምጃ ፈቀቅ አለ፤ ቢናገር ይሻለኝ ነበር። «ተጣማሪ ያዙ» ተባለ። ሁሉም ሰው ጫማውን ማየት ጀመረ። የባንኩ ሰውዬ ሹፌሩን ያዘ፤ ሁለት ወንድ ሆነው፣ ከእኔ ይሻላል ብለው።

የቀረችው ነርሷ ነበረች፤ ዘግይታ ስለገባች። ወጣቱ እጇን ይዞ አስገባትና እኔ ፊት አቆማት። ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «እምቢ ማለት ክልክል ነው ተብያለሁ» አለች። «ባይከለከል ደስ ባለኝ።»

ያዝኳት። ጀመርን። ግራና ቀኟን ታውቃለች፤ ያኔ አላየኋትም ነበር፤ በር ላይ ስለነበረች ይሆናል። ሁለት ዙር እንደሄድን ቆም ሳትል፣ ፊቷን ወደ ሌላ እንዳዞረች፣ «እጄን ላላ አድርገህ ያዘው» አለችኝ። «ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምትጨመድደኝ? የምሸሽ መሰለህ እንዴ?»

ልብስ ሰፊዋ ጥሩ አድርጎ ይይዛል ብላ ነበር። እኔም የምይዘው እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ጣቶቼን ሳይ ነጭ ሆነው ነበር። ለእርስዎ ልንገርዎት፣ የምትሸሽ መስሎኝ ነበር። ሰው ሁሉ እያየ ትታኝ ሄዳ እዚያው ሹፌሩ አጠገብ የምትቀመጥ።

ሙዚቃው ብዙ ይቀረው ነበር። እጄን ላላ አደረግሁት። አልሄደችም።

ጤናዎን ይስጥልኝ።

የእርስዎ የዱሮ ተማሪ